ስፖኪዮ ለይምሰል አይሰካ፦ ስለ ሞተረኞች የኋላ ዕይታ ከጎንደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በጎንደር ከተማ የመንገድ ደህንነትን ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች፣ ለተሽከርካሪ ምርመራ ባለሙያዎችና ለትራፊክ ፖሊስ አባላት፤
እንዲሁም ለመለዋወጫ ነጋዴዎችና ለሞተረኞች በሙሉ፤

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንድ ቁልፍ ስለሚፈታና ስለሚታሰር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ ሞተር ሳይክል ስፖኪዮ፣ ማለትም ስለ ኋላ ማሳያ መስታወቱ። ጥያቄዬን ከፊት ላስቀምጠው። ሞተር ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብም ሆነ መንገድ ላይ ሲቆም «ስፖኪዮ አለው ወይስ የለውም?» በሚለው ብቻ አይታለፍ። «ነጂው በዚህ ስፖኪዮ ኋላውን ያያል ወይ?» ተብሎ ይታይ። ኋላውን አጥርቶ ለማየት ብሎ መስታወቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራዘሚያ ያስገባ ወይም ሰፋ ያለ መስታወት የቀየረ ሰው ደግሞ የተሽከርካሪውን ቅርጽ እንደለወጠ አይቆጠር፤ ልኩ ይነገረውና በልኩ ይሥራ።

እኔ በዚህ ከተማ ሞተር እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ወደ ጋራዤ የሚመጡት የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ ዕቃ አመላላሾች፣ መምህራን፣ ከጠዳና ከማክሰኝት፣ ከቆላ ድባና ከአምባ ጊዮርጊስ ለጉዳይ የሚገቡ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጡት ለፍሪሲዮን፣ ለሰንሰለት ወይም ለካንዴላ ነው። ስለ ስፖኪዮ ብሎ የሚመጣ የለም ማለት ይቻላል። ሥራውን ጨርሼ ለሙከራ ስነዳቸው ግን የማየው ነገር ያስጨንቀኛል። አንዱ ሞተር ግራው ተነቅሎ ቀኙ ብቻ ቀርቷል። ሌላው ሁለቱም አሉት፤ ዳዶው ላልቶ ግን መስታወቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሌላው ላይ ደግሞ የመዳፍ ግማሽ የማታህል፣ ለጌጥ የተሠራች፣ ባለ ሹል ጥግ መስታወት ተሰክታለች። ከሁሉም የሚበዛው ግን ስፖኪዮው ሙሉና ደህና ሆኖ ሳለ ነጂው በውስጡ የራሱን ትከሻና ክንድ ብቻ የሚያይበት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በየትኛውም ፍተሻ «ስፖኪዮ፣ አለ» ተብሎ ያልፋል። ነጂው ግን ኋላውን አያይም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ላስረዳ። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ስፖኪዮው የሚስተካከለው ለአማካይ ሰው ትከሻ፣ ለቀላል ልብስ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ማለዳዋ ይቀዘቅዛል። ሞተረኛው ወፍራም ጃኬት ይደርባል፤ አንዳንዱ ከላዩ ጋቢ ይጥልበታል፤ በክረምት የዝናብ ልብስ ይጨመራል። ክንዱ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ጨርቁም በነፋስ ይነፋል። ከኋላው ሰው ሲፈናጠጥ ደግሞ የዚያ ሰው ጉልበትና ነጠላ ይታከልበታል። መስታወቱ ያው ነው፤ የሚታየው መንገድ ግን ተሸፍኗል።

በቁጥር እንየው። ከዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተቀመጠ፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝርግ መስታወት ከኋላ 30 ሜትር ላይ የሚያሳየው የመንገድ ስፋት ወደ 5 ሜትር ገደማ ነው። ግማሹን ክንድ ከሸፈነው የሚቀረው 2.5 ሜትር ነው፤ የአንድ የጭነት መኪና ወርድ የሚያክል ጠባብ ቁራጭ። ከአዘዞ ወደ መሀል ከተማ በሚያስገባው ዋና መንገድ ሚኒባሱ፣ ሲኖትራኩ፣ ባጃጁና የጭነት አይሱዙው እየተቀዳደሙ ሲመጡ ከዚህ ቁራጭ ውጭ ያለው ሁሉ ለሞተረኛው የለም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ ከኋላው በሰዓት 60 የሚመጣ መኪና 30 ሜትር ላይ ቢኖር፣ መኪናው የሚደርስበት ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ነው ሞተረኛው «ወደ ግራ ልታጠፍ ወይስ ልቆይ?» ብሎ የሚወስነው።

ግራ መታጠፍ ላይ መቆየት አለብኝ፤ ዋናው አደጋ ያለው እዚያ ነው። እኛ በቀኝ የምንነዳ ሰዎች ነን፤ የሚቀድመን ሁሉ የሚመጣው በግራችን ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ኮብልስቶን መግቢያ በግራ የሚታጠፍ ሞተረኛ የሚቀድመውን መኪና መንገድ አቋርጦ ነው የሚገባው። ፍሬቻ ማሳየቱ ብቻ አያድነውም፤ ብዙ ሾፌር ጠራራ ፀሐይ ላይ የሞተርን ፍሬቻ አያስተውልም። ስለዚህ ቀድሞ ኋላውን ማየት ያለበት ሞተረኛው ነው። የሚያሳዝነው፣ በከተማችን ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ወይም ተነቅሎ ሳይተካ የሚቀረው ስፖኪዮ የግራው ነው። መኪና ሲጠጋ የሚገጨው እሱ፣ በባጃጆች መሀል ለመሹለክ ሲባል የሚፈታውም እሱ ነውና። አቅም ያጠረው ሰው አንድ ብቻ መግዛት ከቻለ መጀመሪያ የግራውን ይግዛ እላለሁ። ሁለቱም ግን ያስፈልጋሉ።

«ዞር ብሎ ማየት አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። ዞር ማለት ይገባል፤ ከመታጠፍ በፊት በግራ ትከሻ ላይ አንድ ጊዜ መልከት ማለትን ማንም መተው የለበትም፤ መስታወት የማይደርስበት ጥግ ሁልጊዜም አለና። ነገር ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በእያንዳንዱ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ለአንድ ሰከንድ ሙሉ ፊቱን ወደ ኋላ ካዞረ 11 ሜትር ያህል ሳያይ ሄደ ማለት ነው፤ በዚያ 11 ሜትር ውስጥ ሕፃን ሊገባ፣ አህያ ሊያቋርጥ፣ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ሊቆም ይችላል። ጥሩ ስፖኪዮ ያለው ሰው ዙሪያውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ዞር የሚለው ለማረጋገጥ ብቻ፣ ለአፍታ ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ ልግባ፤ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ዝርጉ ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ያሳያል፤ የሚያሳየው ስፋት ግን ጠባብ ነው። ጉብ ያለው ሰፊ ያሳያል፤ ነገሩን ግን ያሳንሰዋል። ጉብታው 1.2 ሜትር ራዲየስ ካለው ክብ የተቆረጠ ያህል የሆነ መስታወት በዚያው በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዕይታውን በእጥፍ ያሰፋዋል፤ ቅድም 5 ሜትር ያልነው ወደ 10 ሜትር ይሆናል። በልዋጩ 30 ሜትር ላይ ያለው መኪና 60 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። ይህን ሳያውቅ ከዝርግ ወደ ጉብ የቀየረ ሰው «ገና ሩቅ ነው» ብሎ ይታጠፋል። ስለዚህ ጉብ ያለውን የምንሸጥም የምንገጥምም ሰዎች ለደንበኛው በአፋችን መንገር አለብን፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ እየነዳ ዓይኑን እንዲያለማምድ። ከዚህ ውጭ ለከተማ መንገድ ጉብ ያለው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በከተማ ውስጥ ጉዳት የሚያመጣው ጎን ለጎን ተጠግቶ ያልታየው ነውና።

ይህ ሁሉ የእኔ የግል ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ አገሮች የተስማሙበት ልክ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 81 የሞተር ሳይክል ስፖኪዮ የሚያንጸባርቀው ገጽ ከ69 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል። ክብ ከሆነ ዲያሜትሩ ከ94 ሚሊ ሜትር ማነስ፣ ከ150 ሚሊ ሜትርም መብለጥ የለበትም። ክብ ካልሆነ ውስጡ 78 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ መያዝ አለበት፤ ሹልና ቀጭን ጌጠኛ መስታወቶችን የሚጥላቸው ይህ ነው። ጉብ ካለ ራዲየሱ ከ1 ሜትር እስከ 1.5 ሜትር ይሁን ይላል። ለእኛ ነገር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው የርቀቱ ልክ ነው፤ የመስታወቱ መሀል ከሞተሩ መሀል መስመር ወደ ጎን ቢያንስ 280 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። የአሜሪካው ደንብ ቁጥር 111ም ለርቀቱ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር፣ 279 ሚሊ ሜትር ነው የሚያስቀምጠው። ይህን ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከመሪው መሀል እስከ መስታወቱ መሀል 28 ሴንቲ ሜትር፤ የክቡ ስፋት 9.4 ሴንቲ ሜትር። ሁለት ልክ፤ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚወስድ ሥራ።

ማራዘሚያ የምለው ዕቃ የጣት ርዝመት የሚያህል የብረት ወይም የአልሙኒየም ቁራጭ ነው። በአንድ ጫፉ በስፖኪዮው ቀዳዳ ላይ ይታሰራል፤ ስፖኪዮው በሌላው ጫፉ ላይ ይቆማል። መስታወቱን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወይም ወደ ላይ ያወጣዋል። ትከሻው ሰፋ ያለ አንድ የግብርና ባለሙያ የሞተሩን ሰንሰለት ሊያስቀይር መጥቶ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ጃኬቱን እንደለበሰ ኮርቻው ላይ አስቀመጥኩት፤ ረዳቴ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያዘው። በግራው ስፖኪዮ ምን እንደሚያይ ስጠይቀው «ክንዴን፣ ከክንዴ ጎን ትንሽ አስፋልት» አለኝ። የመቆለፊያውን ዳዶ በ14 ቁልፍ ፈታሁ፣ ማራዘሚያውን ከሥር አስገባሁ፣ የስፖኪዮውን ክንድ አዙሬ መልሼ አጠበቅሁ። ከዚያ መስታወቱን በጣት ገፋ እያደረግሁ፣ የሰውዬው ክንድ ጠርዝ በውስጠኛው ጥግ በጭንቅ እስኪታይ፣ የመንገዱ አድማስም መሀል ላይ እስኪውል አስተካከልሁት። ማዶ ያለው ሱቅ፣ በሩ ላይ የቆመው ባጃጅ፣ ከባጃጁ ጀርባ የምትሻገረው ሴት ሁሉም ገቡለት። ክንዱን ወደ ውስጥ ሳይሰበስብ፣ አንገቱንም ሳያዘነብል።

እዚህ ላይ ለሞያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ብዙ ጉዳት አይቻለሁና። የስፖኪዮ ብሎን ጥርስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቹ ሞተሮች 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለውን ይይዛሉ፤ አነስ ያሉት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎን መሸጫ ሱቅ የምናገኘው ተራው ባለ 10 ብሎን ግን ጥርሱ 1.5 ነው። ዓይን አይለየውም፤ ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል። እዚያ ላይ በቁልፍ ከገፉት የቀዳዳውን ጥርስ ይበላዋል። ያ ቀዳዳ የተበሳው ደግሞ የፍሪሲዮን ወይም የፊት ፍሬን ማንሻ በተያዘበት የአልሙኒየም እግር ላይ ነው። ስፖኪዮ እገጥማለሁ ብሎ የፍሬን ማንሻውን መያዣ የሰነጠቀ ሰው አደጋ አስወግዶ ሌላ አደጋ አስገባ ማለት ነው። ስለዚህ ብሎኑ በጣት ብቻ ቢያንስ አራት አምስት ዙር ካልገባ ቁልፍ አይነካው።

ያማሃ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የብዙዎቹ ያማሃ ሞተሮች የቀኝ ስፖኪዮ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። በስህተት የተሠራ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። የቀኙ ስፖኪዮ ከፊት በኩል በሆነ ነገር ሲመታ ክንዱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያ አዟዟር ተራውን ጥርስ ያጠብቀዋል፣ የተገላቢጦሹን ግን ይፈታዋል። ስለዚህ ሲመታ መያዣውን ከመስበር ዞሮ ይለቃል። ይህን ያልሰማ ወጣት ረዳት ለመፍታት ብሎ በሙሉ ኃይሉ ያጠብቀዋል፤ ሲሰማም ብሎኑ ተቀንጥሶ ውስጥ ቀርቷል። ማራዘሚያና አስማሚ (አንዱን የብሎን ጥርስ ከሌላው ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ) ሲገዛም ይኸው ነው፤ ለያማሃ ቀኝ የተገላቢጦሹ ካልተጠየቀ የተገዛው አይገጥምም።

ስለ መንቀጥቀጥም ልበል፤ ማራዘሚያን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት ትክክለኛ ነጥብ ይህ ነውና። ከተማችን የምትነዳቸው ሞተሮች አብዛኞቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። አንድ ፒስተን ብቻውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲወረወር የሚፈጥረው ንዝረት በመሪው አልፎ ወደ ስፖኪዮው ክንድ ይወጣል። ክንዱ በረዘመና በቀጠነ መጠን ያወዛውዘዋል፤ ሞተሩ በአንድ የተወሰነ የዙር ፍጥነት ላይ ሲደርስ መስታወቱ ውስጥ ያለው መኪና ወደ ጭጋግ ይለወጣል። ስለዚህ ማራዘሚያ ሲመረጥ አጭሩና ወፍራሙ ይሻላል፤ 5 ሴንቲ ሜትር በቂ ከሆነ 10 አይግዙ። ክንዱ ከሥሩ የጎማ ሮንዴላ ቢደረግበት ይረዳል፤ በመሪው ጫፍ ያሉት የክብደት ብረቶች ከወለቁ ይመለሱ፤ ያለ ሥራ አልተቀመጡምና። ኮብልስቶኑ ደግሞ ዳዶ ፈቺ ነው። ቀን ሙሉ በኮብልስቶን የዋለ ሞተር ማታ ስፖኪዮው ወርዶ ቢገኝ አይገርምም፤ በየሳምንቱ በቁልፍ ሞከር ማድረግ ልማድ ይሁን። ክንዱን በብየዳ ማራዘም ግን አይመከርም። እሳቱ ከጥርሱ አጠገብ ያለውን ብረት ያዳክመዋል፤ የተበየደውም ቦታ ከንዝረቱ ብዛት ድንገት ይቀነጠሳል።

በመሪው ጫፍ የሚሰካው ስፖኪዮ ከክንድ አልፎ ስለሚያይ ዕይታው ግሩም ነው፤ ሞተሩን ግን ያሰፋዋል፣ በገበያ ቀን ጠባብ መንገድ ላይም ሰው ይነካል። ለረጅም መንገደኛ ካልሆነ በከተማ አልመክረውም። በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ክብ መስታወት ለትልቅ ስፖኪዮ ጥሩ ረዳት ነው፤ ትንሽ ላይ ሲለጠፍ ግን ያለውንም ዕይታ ይሸፍናል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባው የሌሊት የመኪና መብራትን ቢያለዝብም አመሻሽ ላይ ያጨልማል። የፕላስቲኩ መስታወት ደግሞ በአቧራና በጨርቅ ተፍቆ በአጭር ጊዜ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ እያንዳንዳችሁ ልመለስ።

የምርመራ ባለሙያዎች፦ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቦሎ ለማግኘት የመጣን ሞተረኛ ፊት ለፊት የምታገኙት እናንተ ናችሁ። የምለምናችሁ ነጂው ሁልጊዜ የሚለብሰውን ልብስ እንደለበሰ ሞተሩ ላይ ይቀመጥ። አንድ ሰው ከኋላ 10 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከሞተሩ ግራ ጎን ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ ይቁምና እጁን ያንሳ፤ ጣቶቹን ይለዋውጥ። ነጂው አንገቱን ሳያዞር ስንት ጣት እንደተነሳ ይናገር። በቀኝም ይደገም። ያላየ ሰው አይቀጣ፤ አስተካክሎ በዚያው ቀን ይመለስ። ይህ ፈተና ማሽን አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሁለት ሰውና ጥቂት ሜዳ ነው።

የትራፊክ ፖሊስ አባላት፦ ፀሐይና ዝናብ ሳትሉ ቆማችሁ የምትውሉ ሰዎች ስለሆናችሁ ድካማችሁን አውቃለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ግራ ስፖኪዮ የሌለውን ሞተረኛ ስታስቆሙ ለምን ግራው እንደሚበልጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፤ ቅጣቱን ሊረሳው ይችላል፣ ምክንያቱን ከሰማ ግን ራሱም ይናገረዋል። ሁለተኛ፣ በልኩ የገባ ማራዘሚያ ስታዩ «ይህ ከፋብሪካ ያልመጣ ነው» ተብሎ አይነቀል። የሚነቀለው ጠርዙ ሹል የሆነው፣ የሚወዛወዘው ወይም ከመሪው ጫፍ ብዙ ወጥቶ እግረኛ የሚመታው ይሁን። ልኩ ተጽፎ በእጃችሁ ቢኖር ለእናንተም ለእኛም ክርክር ይቀንሳል። እሱን መጻፍ የኃላፊዎች ፈንታ ነው፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

ነጋዴዎች፦ ጌጠኛዎቹን መስታወቶች የምታመጡት ገዢ ስላለ ነው፤ እሱን እረዳለሁ። ግን ከጎናቸው ሰፊውንም አምጡ። ዕቃው ላይ «ባለ 8»፣ «ባለ 10»፣ «የተገላቢጦሽ» ብላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ጥንድ ካልሆነ አልሸጥም አትበሉ፤ ግራው የተሰበረበት ድሃ ሠራተኛ ለሁለት መክፈል ስላቃተው ነው ያለ ግራ የሚነዳው።

ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ቤት ያላችሁና በከተማችን የሙያ ኮሌጆች የምታስተምሩ ወገኖቼ፦ ከ8 ወደ 10፣ ከተገላቢጦሽ ወደ ቀጥታ የሚቀይር አስማሚ፣ አጭር ማራዘሚያም፣ ቶርኖ ላይ የሚወጣ ቀላል ሥራ ነው። ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። ተማሪ ጥርስ ማውጣትን የሚለማመድበት ብረት የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ዕቃ ሆኖ ቢወጣ እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው! ጥርሱ 1.25 መሆኑን፣ ጠርዙም ተሞርዶ መለስለሱን ብቻ አደራ።

ወጣት ሞተረኞች፦ ስፖኪዮ ነቅሎ መንዳት ለብዙዎቻችሁ የጉብዝና ምልክት ሆኗል። በባጃጅ መሀል ለመሹለክ እንደሚመች አውቃለሁ፤ ሞተሩም ቀለል ብሎ ያምራል። ነገር ግን ኋላህን ሳታይ የምትነዳበት መንገድ ላይ ሕይወትህን የያዘው የማታውቀው ሾፌር ነው። እሱ ደክሞት ሊሆን ይችላል፣ ስልክ እያወራ ሊሆን ይችላል፣ ፍሬኑ ደክሞ ሊሆን ይችላል። እናትህ ቤት ሆና የምትጠብቅህ ልጅ ነህ። የእሱን ጥንቃቄ ተማምነህ አትውጣ፤ መልሰህ ሰካው። ውበቱ ካሳሰበህ ጥቁር፣ ክብ፣ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር የሚያምር ስፖኪዮ አለ፤ ልኩንም ያሟላል።

ባጃጅ ነጂዎችንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የኋላ መስኮቱን በመጋረጃና በስቲከር የሸፈነ ባጃጅ የጎን ስፖኪዮው ሲሰበር ፈጽሞ ዕውር ይሆናል፤ ከኋላው የሚመጣው ሞተረኛም የዚያ ዋጋ ከፋይ ነው። መስኮቱ ይከፈት።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ጊዜውንም አስቡልኝ። ጥር 11 ሲቃረብ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ከጃን ተከል እስከ ፋሲል መዋኛ ያለው መንገድ በሰው ይጨናነቃል፤ ሞተረኛው ደግሞ እንግዳ፣ ዕቃና መልእክት ሲያመላልስ ይውላል። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት በከተማዋ መግቢያዎች፣ ለምሳሌ በአዘዞ በኩል፣ ያለ ቅጣት የኋላ ዕይታ የሚታይበትና የሚስተካከልበት ቦታ ቢዘጋጅ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ለዚህ የሚያስፈልገው 14 እና 17 ቁልፍ፣ ሜትር፣ ሮንዴላ፣ ጥቂት ማራዘሚያና ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው። ቁልፉን፣ ሜትሩንና ሮንዴላውን እኔ አመጣለሁ፤ ለሥራውም ከደንበኛ ገንዘብ አልጠይቅም። በዚህ ከተማ ያሉ ሌሎች ጠጋኞችም ቢጠሩ እንደማይቀሩ አምናለሁ፤ አናግሬያቸው ፈቃደኛ የሆኑ አሉ። ከእናንተ የምንጠብቀው ቦታውን፣ ቀኑንና በአንድ ገጽ የተጻፈውን ልክ ነው።

መልሳችሁን በታላቅ አክብሮት እጠብቃለሁ።

አንድ የሞተር ሳይክል ጠጋኝ
ጎንደር